ስለ ነፍሰ ጡር ምግብና ስለ ሕፃን ክብደት



ሕፃን ሲወለድ ዘመድ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎ ነው። ሐኪም ግን ክብደቱን ይጠይቃል፤ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደውን ሕፃን ብርድና በሽታ ፈጥኖ ያሸንፈዋልና። ሕፃን እንዲህ ቀሊል ሆኖ የሚወለድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከነዚህም አንዱ የእናቲቱ ረኃብ ነው።

የጋምቢያ ገበሬ እንደ ኢትዮጵያ ገበሬ ሁሉ በክረምት ሥራው ሲበዛበት ጎተራው ይጎድልበታል። በዚያ አገር በ28 መንደሮች 5 ዓመት የቆየ ምርመራ ተደረገ። በእኩሌቶቹ መንደሮች ነፍሰ ጡሮች ከእርግዝናቸው አጋማሽ ጀምሮ ከኦቾሎኒ የተሠራ ብስኩት በየቀኑ ተሰጣቸው፤ በቀሩት ግን ከወለዱ በኋላ ተሰጣቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፥ አስቀድመው የበሉት እናቶች ሕፃናት ዓመቱ በሙሉ ሲታሰብ በ136 ግራም፥ በረኃቡ ወራት ግን በ201 ግራም በለጡ። ሞተው የሚወለዱትና በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱትም ቁጥራቸው አነሰ።

እንግዲህ ብስኩቱ ምግብ ነበር እንጂ መድኃኒት አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመክራል። ይህ ክኒን የደም ማነስን ይከላከላል፤ ነገር ግን እንጀራን አይተካም።

በኢትዮጵያ ገጠር በአንዳንድ ቤት ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናል ተብሎ ነፍሰ ጡር ወተትና እንቁላል ትከለከላለች። ይህ ፍርሃት ለእናቲቱ ከማዘን የመጣ ነው እንጂ ከክፋት አይደለም። ዳሩ ግን በጋምቢያ የሕፃናቱ ክብደት ሲጨምር የራሳቸው ዙሪያ የጨመረው 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቁመታቸውም አልተለወጠም። ስለዚህ እናቲቱን ማስራብ ምጥን ማቅለል ሳይሆን ሕፃኑን ማድከም ነው። ምጥ ቢጸና የሚረዳው ወደ ሐኪም ፈጥኖ መድረስ ነው።

ስለዚህ መምህር የሚዛንን ሒሳብ በሚያስተምርበት ቀን 2,500 ግራምን ምሳሌ ቢያደርግ ልጆቹ ነገሩን ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። ሽማግሌም ቃሉ በቤተሰብ ዘንድ የተሰማ ነውና፥ እህል በሚያንስበት በክረምት ወራት ከሁሉ በፊት ነፍሰ ጡሯ ትብላ ብሎ ይዘዝ። ከገበታው ለእርስዋ የተጨመረው ባቄላና ወተት በመጸው በሕፃኑ ክብደት ይታያል።