የተመዛዘነና ያልተመዛዘነ ኀይል በመንገድ ላይ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



አንድ አውቶቡስ በደልዳላና በቀጥተኛ መንገድ ላይ፥ ፍጥነቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ወደ ፊት የሚገፋው ኀይል ይበልጣል ወይስ ወደ ኋላ የሚይዘው? ይህን የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ወደ ፊት የሚገፋው ነዋ! ባይበልጥማ እንዴት ይሄዳል?» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው የሚል ነው። ዛሬ ጊዜያችሁን የምንሻማው ይህ ለምን እውነት እንደ ሆነና አለማወቁም ምን እንደሚያስከፍል ለመናገር ነው።

የመጀመሪያው መልስ ከእርሻ የተገኘ ይመስለናል። በሬዎቹ ሲስቡ ማረሻው ይሄዳል፤ በሬዎቹ ሲቆሙ ማረሻውም ወዲያው ይቆማል። ይህን ሲያይ የኖረ ሰው «ያለ ጎታች መሄድ የለም» ቢል አይፈረድበትም፤ ታላቁ አሪስጣጣሊስ ያለውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ማረሻውን የሚያቆመው አፈሩ ነው። አፈሩ ዘወትር ወደ ኋላ ይይዛል፤ የበሬዎቹም ድካም ይህን ለማካካስ ነው። ጋሊሌዮ ድቡልቡል ኳስ በለሰለሰ ዝንባሌ ላይ እያንከባለለ፥ ሰበቃ ፈጽሞ ቢጠፋ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ኒውተን ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1687 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ነገሩን ሕግ አደረገው፤ ይኸውም ኀይሎቹ ተመዛዝነው ድምራቸው ባዶ የሆነ እንደ ሆነ፥ የቆመው እንደ ቆመ፥ የሚሄደውም በዚያው ፍጥነትና በዚያው አቅጣጫ እንደ ሄደ ይቀጥላል የሚል ነው። ኀይል የሚያስፈልገው አካሄድን ለመለወጥ ነው፤ ለማፍጠን፥ ለማዘግየት ወይም ለመታጠፍ።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ የክረምቱን ዝናብ ይመልከት። ጠብታው ከ2,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚያግደው አየር ባይኖር ኖሮ፥ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሜትር ገደማ በሆነ ነበር። ለእንዲህ ያለ ዝናብ ጃንጥላ ምን ይረባል! ደግነቱ ጠብታው በፈጠነ ቍጥር የአየሩ ተቃውሞ ይጨምራል፤ ተቃውሞው ከጠብታው ክብደት ጋር የተካከለ ጊዜ ጠብታው ከዚያ በላይ አይፈጥንም። ትልቁ ጠብታ እንኳ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል እየተጓዘ ይወርዳል። መፍጠኑ ቆመ እንጂ መውረዱ አልቆመም።

አሁን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን የተጫነ ካሚዮን እንይ። ቁልቁለቱ ያለ ዕረፍት ወደ ታች ይስበዋል። ብልህ ሾፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ፥ ሞተሩ የሚይዘውና ፍሬኑ የሚይዘው ተደምሮ ከዚህ ስበት ጋር እኩል እንዲሆን ያደርጋል፤ መኪናውም በአንድ ዝግተኛ ፍጥነት ይወርዳል። ይህ ሾፌር የኒውተንን ስም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ ሕጉን ግን ከብዙዎቻችን ይልቅ በእግሩ ያውቀዋል። ፍሬኑን ብቻ አምኖ የሚወርድ እንደ ሆነ ግን ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም ይደክማል። ያን ጊዜ ሚዛኑ ፈረሰ። የተረፈው ኀይል ትንሽ ቢሆንም በየሰከንዱ በፍጥነት ላይ ፍጥነት ይጨምራል፤ ሸለቆውም ረጅም ነው።

ወደ አውቶቡሳችን እንመለስ። አውቶቡሱ ቢጋጭ «ተሳፋሪው ወደ ፊት ተወረወረ» ይባላል። የሚወረውረው ግን የለም። የቆመው አውቶቡሱ ነው፤ ተሳፋሪውን የያዘው ነገር ስለሌለ እርሱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ጕዞውን ይቀጥላል፤ የፊቱ ወንበር ወይም መስተዋቱ እስኪያቆመው ድረስ። «እጄ ብርቱ ነው፥ ወንበሩን ጨብጬ እተርፋለሁ» ለሚል ሒሳቡን እንሥራለት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዚህ ፍጥነት በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም 16,700 ኒውተን ያህል ኀይል ያስፈልጋል፤ ይህም የ17 ኩንታል ክብደት ነው። 17 ኩንታል በክንዱ የሚችል ጓደኛ ካለን ይምጣና ያሳየን። እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ 10 ኪሎ ሕፃን እንኳ በዚያች ቅጽበት ወደ 3 ኩንታል ይጠጋባታል፤ ፍቅሯ የቱንም ያህል ቢሆን ክንዷ አይችለውም። ፊቱ ብረት መትቶ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ለሚቆም ሰውማ ኀይሉ ዐሥር እጥፍ ነው። ቀበቶ ግን ሰውየውን ከመኪናው ጋር አንድ አድርጎ ርቀቱን ያረዝምለታል፤ ኀይሉንም በደረትና በዳሌ አጥንት ላይ ያከፋፍለዋል። ፍጥነቱ 120 የሆነ እንደ ሆነ በዚያው ግማሽ ሜትር ለመቆም የሚያስፈልገው ኀይል እጥፍ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ አራት እጥፍ ነው፥ 68 ኩንታል።

ስለዚህ ማኅበራችን ለጕብኝት አውቶቡስ በሚከራይበት ጊዜ ስለ ኪራዩና ስለ ወንበሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ በየወንበሩ የሚሠራ ቀበቶ መኖሩን አስቀድሞ እንዲመረምር ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ እናቀርባለን። ጥያቄ ያላችሁ ሰሌዳውና ጠመኔው እዚሁ አለ።