የተረፈው የት ይደርሳል?

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ

ዛሬ የማካፍላችሁ መልእክት ስለ ድንች ልጣጭ ነው። አትሳቁ! ስለ ድንች ልጣጭ፣ ስለ ጎመን አንጓ፣ ስለ ቡና አተላና ስለ ሻገተ እንጀራ ነው። “ፓስተር፣ መንፈሳዊ ነገር አለቀብዎት እንዴ?” የሚል ካለ አልፈርድበትም፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ብቻ ታገሡኝ።

እኔ የማገለግለው በደቡብ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሦስት ቀን ኮንፈረንስ አደረግን። እግዚአብሔር በብዙ ባረከን፤ ሰው ዳነ፣ ሰው ተፈወሰ፣ እንግዳ ሁሉ በልቶ ጠግቦ ሄደ። የተረፈውን ምግብና የወጥ ቤቱን ጥራጊ ወጣቶቻችን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ ከአጥሩ ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ ደፉት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከለከላቸውም። እኔ ራሴ ቆሜ እያየሁ ነበር።

እሑድ ሌሊት ዝናብ ጣለ። ሰኞ ጠዋት ከጀርባችን የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት በሩን አንኳኩ። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደሉም። ቦዩ ተደፍኖ ውኃው ግቢያቸው ገብቷል፤ የእኛ ሽንኩርትና የእኛ እንጀራ ደጃቸው ላይ ተንሳፏል። አልተሳደቡም። እንዲህ ብቻ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስትዘምሩ ሰማኋችሁ፤ ደስ አለኝ። አሁን ግን የበላችሁት እኔ ቤት መጣ።”

እኔም እንደ አዳም ሰበብ ፈለግሁ። “እማማ፣ የቆሻሻ መኪናው ስላልመጣ ነው” አልኳቸው።

“መኪናው ቢመጣስ የት ይወስደዋል?” አሉኝ።

ወገኖቼ፣ አራት ዓመት የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬአለሁ፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም።

የት ይደርሳል? እኛ “ጣልኩት” ስንል ከዓይናችን ራቀ ማለታችን ነው እንጂ ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ የሚባለውን ቦታ ታውቃላችሁ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተከመረበት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ያ ክምር ተናደና ከሥሩ በላስቲክና በጭቃ ቤት ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን፤ ጸለይን፤ አንዳንዶቻችን ገንዘብ አዋጣን። ግን ከመካከላችን “በዚያ ክምር ውስጥ የእኔ ቤት ልጣጭ ነበረበት ወይ?” ብሎ የጠየቀ ማን ነው? በከተሞቻችን ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። ወደ አፈር ሊመለስ የሚችል ነገር ማለት ነው። እኛ የጣልነው ሁልጊዜ የሚያርፈው ከእኛ ይልቅ ድሃ በሆነ ሰው ደጃፍ ነው።

እናትየው ከሄዱ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። በዘዳግም 23፥12-14 እስራኤላውያን በሰፈር ሳሉ እያንዳንዱ ሰው መቆፈሪያ እንዲይዝና ከሰውነቱ የሚወጣውን ከሰፈር ውጭ በአፈር እንዲከድን ታዝዟል። ምክንያቱ ምንድን ነው? እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ ነው! እኛ ሦስት ቀን “ጌታ ሆይ፣ በመካከላችን ተመላለስ” እያልን ጮኽን፤ ከአጥሩ ጀርባ ግን እንዲያልፍበት ያዘጋጀንለት መንገድ የሚገማ ቦይ ነበር።

ዮሐንስ 6፥12ን ደግሞ ስንት ጊዜ ሰበክሁት! አምስት የገብስ እንጀራ ለአምስት ሺህ ወንዶች ከበቃ በኋላ ጌታ ምንም እንዳይባክን የተረፈውን እንዲለቅሙ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ። አስቡት፤ ከምንም ተነሥቶ ማብዛት የሚችል ጌታ ለፍርፋሪ ተጠነቀቀ። እኔ ስለ ተአምሩ እሰብክ ነበር፤ ስለ አሥራ ሁለቱ መሶብ አልሰበክሁም።

ስለዚህ ኮምፖስት ለመሥራት ወሰንን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው አልተሳካም። በክረምት ጉድጓድ ቆፈርን፤ አጥንቱንም፣ ቅባቱንም፣ ወጡንም ደፋንበት። ውኃ ሞላው፤ ገማ፤ ውሻ ጎተተው። አንድ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ “ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው ወይስ የቆሻሻ መጣያ?” ሲሉ ተናገሩ። እኔም ልተወው ደርሼ ነበር።

ያቃኑን እነዚያው እናት ናቸው። በልጅነታቸው በእንሰት አገር ያደጉ ስለሆኑ በየማለዳው እበትና የቤት ጥራጊ ወደ እንሰቱ ሥር ማመላለስ ሥራቸው ነበር። ጉድጓዱን አይተው ሳቁና “እርጥብ ብቻውን ይገማል፤ ደረቅ ብቻውን ይተኛል። አጋቧቸው” አሉን። ነገሩ እውነት ነው። አየር ያጣ ብስባሽ ይገማል፤ አየር ያገኘ ግን አፈር ይሆናል።

አሁን የምናደርገው ይህን ነው፤ እናንተም በቤታችሁ አድርጉት። በክረምት ከመሬት በላይ ክምር እንሠራለን፤ በበጋ እርጥበቱ እንዳይተን ጉድጓድ ይሻላል። ቦታው ጥላ ያለበትና ከውኃ ጉድጓድ የራቀ ይሁን። ስፋቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይበቃል። ከሥር አየር እንዲገባ የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ እናነጥፋለን። ከዚያ አንድ ባልዲ እርጥብ ነገር ስንጨምር ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር እናለብሰዋለን። እርጥብ የምንለው ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተበላሸ እንጀራ፣ ለምለም ሣር ነው። ጎረቤት የሚጥለው የጫት ገረባ እንኳ ለዚህ ይጠቅማል! ደረቅ የምንለው ገለባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን ነው። በየመካከሉ ጥቂት አፈር ወይም እበት፣ አንድ እፍኝም አመድ እንበትናለን። ላዩን በኮባ ቅጠል እንከድናለን። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባትና ላስቲክ ግን አይገባም።

በመካከሉ አንድ እንጨት እንተክላለን። በሳምንቱ እንጨቱን ነቅላችሁ ዳስሱት። ሞቅ ብሎ ረጠብ ካለ ሥራው እየሄደ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ውኃ አርከፍክፉበት። ከገማ ደረቅ ነገር ጨምሩና አገላብጡት። ደህና የተሠራ ክምር ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። በየሦስት ሳምንቱ በመንሽ ማገላበጥ ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት ታገኙታላችሁ።

ዛሬ 14 ቤቶች ጥራጊያቸውን በባልዲ ያመጣሉ። ሁሉም የእኛ ምእመናን አይደሉም። ላስቲኩ ችግር እንደሆነ አለ፤ ቦዩም ገና ሙሉ በሙሉ አልጸዳም፤ የተናገሩት ሽማግሌም አሁንም ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። የመጀመሪያውን ብስባሽ ግን ተሸክመን ወደ እናትየው ግቢ ወሰድነው፤ በእንሰታቸው ሥር እኔ ራሴ አለበስኩት። ይቅርታም ጠየቅኋቸው። እስከ ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አልመጡም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ባልንጀራ ፍቅር ስሰብክ አንገቴን አልደፋም።

ወገኔ ሆይ፣ አሁን ወደ አንተ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። በሉቃስ 13፥6-9 የምናውቃት በለስ ሦስት ዓመት ፍሬ አልሰጠችም። ባለቤቱ “ትቆረጥ” አለ። አትክልተኛው ግን ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያደርግላት አንድ ዓመት ለመነላት። አያችሁ? ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ነገር አትክልተኛው ለሕይወት ተጠቀመበት። ምናልባት ዛሬ የምትሰማኝ አንተ በሰው ፊት የተጣልህ ነህ። ስካር፣ እስር፣ የፈረሰ ትዳር፣ የባከነ ዕድሜ አለህ። ሰው “ከእንግዲህ አይረባም” ብሎሃል። ጌታ ኢየሱስ ግን ያንን የበሰበሰውን ዓመትህን አይጸየፍም። በእጁ ላይ ብታኖረው ያገላብጠዋል። ማገላበጡ ያማል፤ ሙቀት አለው፤ በአንድ ሌሊትም አያልቅም። ፍሬ የሚወጣው ግን ከዚያ ነው። ዛሬ ልብህን ስጠው!

ለዳናችሁት ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። በዚህ ሳምንት ማእድ ቤታችሁ ውስጥ ክዳን ያለው አንድ ባልዲ ለብቻው አስቀምጡ። ልጆቻችሁን አስተምሩ። ከአጥራችሁ ጀርባ ሄዳችሁም የእናንተ ቆሻሻ በማን ደጅ እንዳረፈ እዩ። ይቅርታ የሚያስፈልግ ከሆነ ከባልዲው በፊት ይቅርታውን አድርሱ።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በእጃችን የሰጠኸንን ሁሉ ስላባከንን ይቅር በለን። ከአጥራችን ጀርባ ያለውን ጎረቤት እንድናይ ዓይናችንን ክፈት። የተጣለውን የምታነሣ አምላክ፣ የእኛንም የተበላሸ ዘመን ወደ መልካም መሬት ለውጠው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።