ካሬና መስመር፦ የጂኦሜትራዊ ረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጆች



ሥዕል ምን ጊዜም የአንድ ነገር ምስል ነው የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ሠዓሊ ሰው ይሥላል፤ ዛፍ ይሥላል፤ ቤት ይሥላል። ተመልካቹም የተሣለውን ከሚያውቀው ጋር አስተያይቶ «መስሏል» ወይም «አልመሰለም» ሲል ይፈርዳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ግን ይህን የፍርድ ሚዛን ከሥሩ የነቀሉ ጥቂት ሠዓልያን ተነሡ። ከሸራቸው ላይ ሰውንም ዛፍንም አስወጥተው ካሬን፣ ክብን፣ ሦስት ማዕዘንንና ቀጥ ያለ መስመርን ብቻ አስቀሩ። ማስመሪያና ኮምፓስ የዕለት መሣሪያዎቹ ለሆኑት ባለሙያ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በየከተማው የሚቆመው ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ጌጥ የለሽ ሕንፃ ከእነዚያ ሸራዎች ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለውጡ ድንገት የወረደ አልነበረም። ፎቶግራፍ የመምሰልን ሥራ ከሠዓሊው እጅ ከወሰደ ቆይቷል። ከ1907 ገደማ ጀምሮ ፒካሶና ብራክ በፓሪስ የኪዩቢዝምን መንገድ ከፍተው የሰውን ፊትና ጊታርን ሳይቀር ወደ ገጽታዎችና ወደ ማዕዘኖች ሰባበሩ። ዳሩ ግን እነሱ ነገሩን ሰባበሩት እንጂ ጨርሰው አልተዉትም። የመጨረሻውን እርምጃ የተራመዱት ሌሎች ናቸው። ካንዲንስኪ በ1911 መጨረሻ በሙኒክ ስለ መንፈሳዊነት በኪነ ጥበብ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት ቦሔሚያዊው ኩፕካ በፓሪስ የመኸር ዐውደ ርእይ ላይ ከምንም ነገር ምስል የራቀ ሥዕል አቀረበ።

ከሁሉ የቀደመችው ግን ለብዙ ዘመን ስሟ ያልተነሣ ሴት ነበረች። በስቶክሆልም የንጉሣዊው አካዳሚ ምሩቅ የነበረችው ሒልማ አፍ ክሊንት በ1906 የጀመረችውንና በ1915 የፈጸመችውን የ193 ሥዕሎች ስብስብ «ለመቅደሱ የተሣሉ ሥዕሎች» ብላ ሰየመችው። በውስጡ ክቦች፣ ጥምዝምዞችና በቀስተ ደመና ቀለማት የተከፋፈሉ ሦስት ማዕዘኖች ይገኛሉ። ዘመኗ ሊረዳት እንደማይችል ስላመነች፣ ከሞተች በኋላ 20 ዓመት ሳያልፍ ሥራዎቿ ለሕዝብ እንዳይታዩ ተናዘዘች። በ1944 ሞተች፤ ሥዕሎቿ ለሰፊው ተመልካች የቀረቡት ግን በ1986 በሎስ አንጀለስ በተደረገ ዐውደ ርእይ ነው። ከ2018 እስከ 2019 በኒውዮርክ ጉገንሃይም ቤተ መዘክር ሲታዩ ከ600,000 በላይ ሰው ተመለከታቸው። ስለሆነም የረቂቅ ሥዕል ታሪክ የጀመረው በጥቂት ወንዶች ነው የሚለው አተራረክ እንደገና መጻፍ ግድ ሆኖበታል።

የካዚሚር ማሌቪች ነገር ከዚህ ይለያል፤ ሥራውን ለመደበቅ ሳይሆን ለመፋለም ነበር ያወጣው። በ1879 በኪየቭ ከፖላንዳውያን ቤተሰብ የተወለደው ይህ ሰው፣ በታኅሣሥ 1915 በፔትሮግራድ በተከፈተው «0,10» በተባለው ዐውደ ርእይ ላይ 39 ሥራዎቹን ሰቀለ። ከመካከላቸው በነጭ መደብ ላይ የተቀባ አንድ ጥቁር ካሬ ነበረ። የተሰቀለውም በሁለት ግድግዳዎች መገናኛ፣ ከኮርኒሱ ሥር ነው። ይህ ሥፍራ በሩሲያ ኦርቶዶክሳዊ ቤት የቅዱሳን ሥዕል የሚሰቀልበት የክብር ማዕዘን ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕለ ማርያምን ሰቅሎ ለሚያድር ምእመን የአድራጎቱን ድፍረት ማስረዳት አያሻም።

ያ ካሬ በመሐንዲስ ዐይን ቢመረመር ካሬ ለመባል አይበቃም። ጎኖቹ ከሸራው ጠርዝ ጋር ፍጹም ትይዩ አይደሉም፤ በዐውደ ርእዩ ዝርዝር የተመዘገበውም «አራት ማዕዘን» ተብሎ ነው። በ2015 በሞስኮ የትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል ባለሙያዎች በራጅ ሲመረምሩት ከጥቁሩ ቀለም ሥር ሁለት ቀደምት ሥዕሎች ተገኙ። እንግዲህ «ማንም ሕፃን ሊሥለው የሚችል» የተባለው ካሬ ባዶ ሸራ ላይ በቀላሉ የተለቀለቀ ሳይሆን፣ ሌላ ሥዕል ተሞክሮ፣ ተትቶና ተሸፍኖ የተደረሰበት ነው። ማሌቪች ለዚህ መንገድ የሰጠው ስም ሱፕሬማቲዝም ነው፤ ይኸውም የንጹሕ ስሜት የበላይነት ማለቱ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ በ1919 ወደ ቪቴብስክ ሄዶ ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ ጥቁር ካሬ በእጅጌያቸው ላይ ሰፍተው እስከ መዞር ደረሱ። የትምህርት ቤቱ መሥራች ሻጋል ግን በአዲሱ እምነት ተገፍቶ በ1920 ከተማውን ለቀቀ። ይህም ሊሸሸግ የማይገባው እውነት ነው፦ ነፃነትን የሰበኩት ፈር ቀዳጆች ለሌላው መንገድ ሁልጊዜ ለጋሶች አልነበሩም።

በሆላንድ የፒት ሞንድሪያን ጉዞ ረጋ ያለ ነበር። በ1872 በአመርስፎርት የተወለደው ሞንድሪያን በወጣትነቱ የወንዝ ዳርን፣ የነፋስ ወፍጮንና ዛፍን የሚሥል ሠዓሊ ነበር። የዛፍ ሥዕሎቹ በተከታታይ ሲታዩ ቅርንጫፉ ቀስ በቀስ ወደ መስመር፣ በቅርንጫፎች መካከል ያለው ሰማይ ወደ ገጽታ ሲለወጥ ይስተዋላል። በመጨረሻ የቀሩት ቋሚና አግድም መስመሮች፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ እንዲሁም ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ብቻ ናቸው። በ1917 ቴኦ ፋን ዱስቡርኽ «ደ ስታይል» የተባለውን መጽሔት ሲመሠርት ሞንድሪያን ዋና ጸሐፊው ሆነ።

ሁለቱን ወዳጆች በኋላ ያለያያቸው አንድ ሰያፍ መስመር ነው። ፋን ዱስቡርኽ ሥዕል እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል በማለት በ1924 ገደማ ሰያፍ መስመርን ወደ ሸራው አስገባ፤ ሞንድሪያን ግን ከቡድኑ ወጣ። ነገሩ ለሩቅ ሰው ከንቱ ክርክር ይመስላል። ለሞንድሪያን ግን ቋሚውና አግድሙ የዓለም ተቃራኒ ኃይሎች ሚዛን የሚያገኙበት ሕግ ነበሩ፤ ሰያፉ ያንን ሚዛን ያፈርሳል። ከተዳፋት ላይ ሕንፃ ያቆመ ባለሙያ አንድ መስመር ዘንበል ማለቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃልና ጠቡን በቀላሉ አይንቀውም።

ከሸራው ወደ ሕንፃው የተደረገው ሽግግር ፈጣን ነበር። በ1924 ኸሪት ሪትፌልድ ለወይዘሮ ትሩስ ሽሮደር በኡትሬክት ከተማ የሠራው ቤት የደ ስታይል ሐሳብ በግንብ፣ በእንጨትና በብረት ሲገለጥ የሚታይበት ነው። ግድግዳዎቹ እንደ ሰሌዳ የተቀመጡ ናቸው፤ በፎቁ ላይ ያሉት መለያዎች ይንሸራተታሉ። ባለቤቲቱ የንድፉ ተካፋይ ነበረች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1985 ኖረችበት፤ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በሩሲያም ማሌቪች በ1920ዎቹ ከጀሶ የሕንፃ አምሳያዎችን ሠራ። ሊዩቦቭ ፖፖቫና ቫርቫራ ስቴፓኖቫ ደግሞ በሞስኮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው ክቡንና መስመሩን ለቀሚስ ጥለት አዋሉት። በጀርመን የባውሃውስ ትምህርት ቤት ካንዲንስኪን በ1922 መምህር አድርጎ ወሰደ።

«ሕዝብ ያልገባው ጥበብ ለማን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ተነሥቷል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመልሶቹ አንዱ ያ የቀሚስ ጥለትና ያ ቤት ናቸው፤ ቤተ ሥዕል ረግጦ የማያውቅ ሰው በእነሱ አማካይነት ከሥዕሉ ጋር ኖሯልና። ጥያቄውን የያዙት ግን ሁልጊዜ መልስ ፈላጊዎች አልነበሩም። በሶቪየት ኅብረት ማሌቪች በ1930 ታሰረ፤ በ1932 ነፃ የሠዓልያን ማኅበራት በአዋጅ ፈረሱ። በጀርመን ባውሃውስ በ1933 ተዘጋ፤ በ1937 በሙኒክ «የተበላሸ ጥበብ» ተብሎ በተከፈተው የማዋረጃ ዐውደ ርእይ የካንዲንስኪ፣ የሊሲትስኪና የሞንድሪያን ሥራዎች ለስድብ ተሰቀሉ። እርስ በርሳቸው ጠላት የሆኑ ሁለት መንግሥታት በአንድ ካሬ ላይ መስማማታቸው የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያት አለው፦ ካሬ መሪን አያወድስም፤ ለሰልፍ አይጠራም፤ የታዘዘውንም ተረት አይተርክም።

ማሌቪች በኋለኛው ዘመኑ ወደ ሰው ሥዕል ቢመለስም፣ በአንዳንድ ሸራዎቹ ጥግ ላይ በስሙ ፋንታ ትንሽ ጥቁር ካሬ ፈረመ። በ1935 ሲሞት ካሬው ቀብሩን አጀበ። ሞንድሪያን በ1938 ወደ ለንደን፣ በ1940 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። እዚያም የከተማዋ ጎዳናና የጃዝ ሙዚቃ ጥቁር መስመሮቹን ወደ ቢጫና ቀይ ነጠብጣብ አፈራረሱለት። በ1944 ሲሞት የመጨረሻ ሥራው በሸራ መደገፊያው ላይ ሳያልቅ ቀረ።

በአዲስ አበባም ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። በኮሎኝ የተማረው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1960ዎቹ ረቂቅ ሥራዎቹን ይዞ ሲመለስ «ምንድን ነው? ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ ተቀብሎታል። ከአገሩ ርቆ በ1981 በኦክላሆማ አረፈ። ስሙን የያዘው ቤተ መዘክር በ2008 በአዲስ አበባ ተከፍቶ ሥዕሎቹ ለአገሩ ተመልካች ቀርበዋል።

በ2022 ደግሞ በዱሴልዶርፍ የተሰቀለው የሞንድሪያን «ኒውዮርክ ሲቲ 1» ለአሥርተ ዓመታት ተገልብጦ ሳይታይ እንዳልቀረ ተገለጠ። ቀለም በተቀባ ተለጣፊ ጥብጣብ የተሠራ በመሆኑ ቢገለበጥ ሊጎዳ ይችላል ተብሎ እንዳለ ተተወ። ብዙዎች በዚህ ሳቁ። ነገር ግን ሥዕሉ ተገልብጦም ሚዛኑን አልሳተም፤ የሠዓሊው የሕይወት ድካም ደግሞ የዚሁ ሚዛን ፍለጋ ነበር።

አንድ ሕንፃ ምን እንደሚመስል ማንም አይጠይቅም። ይቆማል ወይ? ብርሃን ይገባዋል ወይ? ክብደቱ በትክክል ተከፋፍሏል ወይ? ተብሎ ይመረመራል። ፈር ቀዳጆቹ የጠየቁት ሥዕልም በዚሁ ሚዛን እንዲዳኝ ነበር። ይህን ጥያቄ ከሕንፃ ባለሙያ በተሻለ የሚረዳ ተመልካች ማግኘት ያስቸግራል።