ርቀትና ምስል
በባሌ ተራሮች የዱር አራዊትን በእግር ጉዞ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



መለካት የምሕንድስና ሙያ መሠረት ነው። መለኪያው የሚለካውን ነገር የሚያውክ ከሆነ ግን የተገኘው ቁጥር ዋጋ እንደማይኖረው በዚህ አዳራሽ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል። የዛሬው ንግግር ይህንኑ የታወቀ መመሪያ ከግንባታ ሥፍራ አውጥቶ ወደ ባሌ ተራሮች ይወስደዋል። ጥያቄውም አጭር ነው፤ ካሜራ አንግቦ በእግሩ የሚጓዝ ሰው የዱር እንስሳውን ሳያውክ ምስሉን እንዴት ሊያገኝ ይችላል?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ተጓዡ በዲንሾ በኩል ሲገባ በመጀመሪያ የሚቀበለው የጥድና የኮሶ ዛፍ ነው። ከፍታው እየጨመረ በሄደ መጠን ደኑ ለአስታ ቦታውን ይለቃል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚገኘው በሳነቲ አምባ ላይ ደግሞ ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ቢወድም ባይወድም እርምጃውን ማዘግየት ግድ ይሆንበታል። ይህ መዘግየት እንደ ጉዳት ሊቆጠር አይገባም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ቀድሞ ያያል፤ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ የሚጠብቅም እጁ ሳይንቀጠቀጥ ያነሣል።

በዲንሾ አካባቢ የሚታየው ዋናው እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። ይህ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በሳይንስ መዝገብ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በሌላ ሥፍራ የሰው ድምፅ ሲሰማ ወደ ጥሻው የሚገባው ይህ ፍጥረት፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ግን ሰው እያየው ይግጣል። ይህም የሆነው በዚያ ሥፍራ ለብዙ ዓመታት ከሰው ጉዳት ስላልደረሰበት ነው። እምነቱን የገነቡት ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ለማፍረስ ግን አንድ ችኩል ሰው ይበቃል።

በሳነቲ ላይ ተጓዡ የሚፈልገው ቀይ ቀበሮን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። ቀበሮ ሁሉ ሌሊት ያድናል ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም የሚያድነው ለብቻው፣ ያውም በቀን ነው፤ ምግቡም ፍልፈልና ሌሎች አይጦች ናቸው። ሌሊት መሬቱ በውርጭ ስለሚደርቅ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው የሚወጡት ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ነው። ስለዚህም የአይጦቹን ሰዓት ፀሐይ፣ የቀበሮውን ሰዓት አይጦቹ፣ የፎቶግራፍ አንሺውን ሰዓት ደግሞ ቀበሮው ይወስናል።

ቀበሮው በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቅንቶ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ ወደ እርሱ የሚራመድ ሰው ፍልፈሉን ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል፤ ቀበሮውም የደከመበትን ምግብ ትቶ ይሄዳል። ሰውየው የሚያገኘው የሚሸሽ ቀበሮ ጀርባ ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱ ይረዳል። በፊልሙ ላይ የሚያርፈው ምስል መጠን በግምት የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በእንስሳው ቁመት ተባዝቶ ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የሰውነቱ ርዝመት 1 ሜትር ያህል የሆነ ቀበሮ በ50 ሜትር ርቀት በ500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢነሣ ምስሉ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይኸው መጠን በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንዲገኝ ግን 5 ሜትር ድረስ መቅረብ ያስፈልጋል። የፊልሙ ወርድ 36 ሚሊ ሜትር በመሆኑ አሥሩ ሚሊ ሜትር ለብዙ ሰው ያንስበታል፤ በእግሩ እየቀረበ ሊሞላው የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የቀረው 26 ሚሊ ሜትር ባዶ አይደለም። ጅብራው፣ የፍልፈሉ ጉድጓድና ውርጭ የመታው ሣር ያረፉት በዚያ ነው። ቀበሮውን ብቻ የያዘ ፎቶግራፍ በአጥር ውስጥም ሊነሣ ይችላል፤ አገሩን ጭምር የያዘው ግን ቀበሮው በምን እንደሚኖር ይናገራል።

የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅም ያስፈልጋል። በብርድ የባትሪ ጉልበት ስለሚቀንስ ትርፍ ባትሪ በደረት ኪስ ይያዛል። ካሜራው ከውርጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ጤዛ እንዳይዘው በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ እስኪሞቅ ይቆያል። እኩለ ቀን ላይ ከሞቀው መሬት የሚነሣው አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ውድ ሌንስ አያቃናውም። መድኃኒቱ መቀመጥና መጠበቅ ብቻ ነው።

ከዚህ የከበደ ጉዳይም አለ። የቀበሮ ግልገሎች በአብዛኛው የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ዋሻቸው ከተደፈረ መንጋው ግልገሎቹን ወደ ሌላ ሥፍራ ለማዛወር ይገደዳል። ተጓዥ የጣለው ትርፍራፊ ውሾችን ይስባል፤ ከውሾች ጋር የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛዎቹን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በምግብ ውስጥ ተደርጎ ለቀበሮዎቹ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል፤ ሆኖም ክትባት የግድየለሽነት መካሻ ሊሆን አይችልም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድም በሳነቲ ላይ ያልፋል፤ በዚያ የሚከንፍ መኪና ቀበሮ ገድሎ ያውቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ መንገድ የሚቀይሱትንና የሚሠሩትን ባለሙያዎች ይመለከታል፤ በእነርሱ ወረቀት ላይ የፍጥነት ወሰን የምትባለው ቁጥር በዚያ አምባ ላይ የአንድ እንስሳ ዕድሜ ናት።

እንግዲህ ከጉዞው የሚመለስ ሰው ከምስሉ ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእንስሳቱን ብዛትና የታየውን ቁስል ወይም እከክ ጽፎ ለፓርኩ ቢያስረክብ ፎቶግራፉ ከመታሰቢያነት አልፎ ማስረጃ ይሆናል። የዋሻውን ሥፍራ ግን ለማንም አይገልጽም፤ አንዳንድ ካሜራዎች ሥፍራውን ራሳቸው ስለሚመዘግቡ ምስሉን ከማሠራጨቱ በፊት ያንን ማጥፋት ይገባዋል።

ክቡራን ባልደረቦች፤ መልካም ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ ቀበሮው አሁንም በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ፍልፈሉን ይጠብቃል። ሰው መጥቶ መሄዱን አላወቀም። በባሌ ተራሮች ላይ ትክክለኛ ልኬት ማለት ይህ ነው።