ጸሎት በልጆች እጅ



ልጆችን በሥዕል፣ በጭቃና በወረቀት ሥራ ጸሎት ማስተማርን ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርገን እናየዋለን። አንዱ «ልጆቹ እንዳይሰለቹ ጥሩ ነው» ብሎ ይቀበለዋል፤ ሌላው «ጸሎት መጫወቻ ሆነ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ታሪኩ ለሁለቱም የሚመች አይደለም። የእጅ ሥራው ከጥንትም ነበረ። ፍሬ ያፈራው ግን ትልልቆቹ ከልጆቹ ጋር አብረው በጸለዩበት ቦታ ነው። እነሱ ጥለው በወጡበት ሥራው ጌጥ ሆኖ ቀርቷል።

ከቤታችን ልጀምር። በየኔታ ደጅ ልጅ ጸሎትን የሚይዘው በጆሮውና በምላሱ ነው። ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያጠናል፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ይሻገራል። 150ውን መዝሙር የዘለቀ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባልና ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ይደግስለታል። የግዕዙ ምሥጢር የሚፈታለት ግን ቆይቶ ነው፤ ብዙውም ልጅ ትርጓሜው ላይ ሳይደርስ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በዚህ የተነሣ የቄስ ትምህርትን «የበቀቀን ትምህርት» እያሉ የሚነቅፉ አሉ። ነቀፌታው እውነት ቢኖረውም ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ያው ልጅ ከየኔታ ደጅ ሲወጣ ሌላ ትምህርት ቤት ይቀበለዋል፤ እሱም የበዓላቱ ዓመት ነው።

ቡሄን እንውሰድ። ነሐሴ 13 ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃኑን የገለጠበት በዓል ነው። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ከልጥ ወይም ከቃጫ ጅራፍ ይገምዳል። እናት ሙልሙል ትጋግራለች፤ በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል፤ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። አባቶች ሲያስተምሩ የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው፣ ችቦውም የብርሃኑ። ሙልሙሉ ደግሞ ከብርሃኑ የተነሣ ያልመሸ መስሏቸው በዱር ለቆዩት እረኞች ልጆች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የሄዱትን ዳቦ ያስታውሳል ይላሉ። የሰባት ዓመት እረኛ ይህን የወንጌል ክፍል ማንበብ ላይችል ይችላል፤ ነገር ግን ገምዶታል፣ አጩኾታል፣ በልቶታል።

የሕማማቱ ሳምንት ከዚህም ይበልጣል። በሆሳዕና ልጆች ከዘንባባ ቀለበትና መስቀል እየሠሩ በጣታቸውና በግንባራቸው ያስራሉ። በጸሎተ ሐሙስ ስንዴውና ባቄላው ተቀቅሎ ጉልባን ይሆናል፤ እስራኤል ከግብፅ በጥድፊያ መውጣታቸው የሚነገረው እሱ እየተበላ ነው። በስቅለት ትንሹም ልጅ ከአባቱ ጎን ይሰግዳል፣ ማታ ደግሞ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ ይደረጋል። ቅዳሜ ሹር ሲደርስ ካህኑ ቄጤማ ያድላል፤ ልጁ በራሱ ላይ ያስረዋል፣ የኖኅን ርግብ ታሪክም በዚያው ይሰማል። በዚህ ሁሉ ውስጥ «አሁን የልጆች መርሐ ግብር ነው» ያለ ሰው የለም። ትልቁም ትንሹም ያንኑ ቄጤማ ነው የሚያስረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። የየኔታ ደጅ በብዛት የወንዶች ነበር፤ ገና በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ በቅዳሴ የሚያገለግለውም ወንዱ ነው። ለሴቷ ልጅ ጸሎት የደረሳት በአብዛኛው ከእናቷና ከዚሁ ከበዓሉ ዓመት ነው። ስለዚህ ጉልባኑና ሙልሙሉ ተራ ነገር ተደርገው ሲታለፉ የሴቶቹ ትምህርት ቤትም አብሮ ይታለፋል።

አሁን ባሕር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1223 የአሲዚው ፍራንሲስ ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር የልደትን ሌሊት በግርግም አከበረ፤ ድርቆሽ ተነጠፈ፣ በሬና አህያ መጡ፣ ቅዳሴው እዚያው ተደረገ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የቤተልሔም ግርግም አሻንጉሊት ታሪኩን ወደ ኋላ ሲቆጥር እዚህ ይደርሳል። በ1529 ደግሞ ሉተር ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ። ከዚያ በፊት የሳክሶኒን አጥቢያዎች ዞሮ ሲያይ ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ በደንብ አለማወቁ አስደንግጦት ነበር። መጽሐፉን የጻፈው የቤቱ አባወራ ለቤተሰቡ እንዲያስተምርበት ነው፤ የጠዋትና የማታ ጸሎትም አለበት። ኮሜኒየስ በ1658 ለልጆች በሥዕል የታጀበ መማሪያ አሳተመ። ሮበርት ሬይክስ በ1780 በእንግሊዟ ግሎስተር ከተማ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ለሚውሉ ድኻ ልጆች የእሑድ ትምህርት ቤት አስከፈተ። ከዚያ በኋላ የልጆች ሃይማኖት ትምህርት ቀስ በቀስ ከቤት ወደ ክፍል ገባ። ብዙ ልጅ ማንበብ ተማረ፤ አባወራው ግን ከሥራው የተሰናበተ መሰለው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የሐምቡርጉ ታሪክ ነው። ዮሐን ሂንሪሽ ቪኸርን የሚባል የሉተራን መምህር በ1833 ለተጣሉና ለድኻ ልጆች ቤት ከፍቶ ነበር። ልደት ሲቃረብ ልጆቹ «መቼ ነው? ደረሰ?» እያሉ ሲነዘንዙት በ1839 አንድ የጋሪ ጎማ ወስዶ ሻማ ሰካበት፤ ለአዘቦት ቀን ትንንሽ፣ ከልደት በፊት ላሉት አራት እሑዶች ትልልቅ። በየቀኑ በጸሎት ሰዓት አንድ ሻማ ይጨመርና ይበራል፣ ይጸለያል፣ ይዘመራል። መጠበቅን ለልጅ በቃል ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ቪኸርን በቃል ከማስረዳት ይልቅ እንዲቆጥሩት አደረገ። በኋላ ጎማው በለምለም ቅጠል ተሸፈነ፣ ሻማዎቹም አራት ብቻ ሆኑ፣ ዓለምም ሁሉ ወሰደው። ዛሬ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ ስታዩት ሁሉም አለው፤ የጸሎቱ ሰዓት ብቻ ነው የጎደለው።

ሁለተኛዋ ባለታሪክ ሶፊያ ካቫሌቲ ናት። የዕብራይስጥና የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁር ነበረች፤ ልጆች የማስተማር ሐሳብም አልነበራትም። በ1954 ሮም ውስጥ አንዲት ወዳጇ ልጄን አስተምሪልኝ ብላ ለመነቻት፣ እሷም እሺ አለች፣ በዚያው ቀረች። የሞንቴሶሪ ዘዴ አስተማሪ ከሆነችው ከጂያና ጎቢ ጋር ሆነው በልጅ ቁመት ልክ የተሰናዳ ክፍል አዘጋጁ፤ ትንሽ መንበር፣ ከእንጨት የተቀረጸ እረኛ፣ በጎች፣ በረት። መምህሯ ወንጌሉን በአጭሩ ታነብባለች፣ በጎቹን ቀስ ብላ ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ ለልጁ ትለቅለታለች። ልጁ ደግሞ ይነካዋል፣ ይሥለዋል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጆቹ ተመልሰው የማይነኩትን ዕቃ ሁለቱ ሴቶች ከክፍሉ ያወጡት ነበር፤ ለእነሱ ቢያምርም እንኳ። ይህ ድፍረት ለብዙ አስተማሪ ከባድ ነው። እኛ በሌሊት ቆርጠን የለጠፍነውን ልጅ ሲንቀው የምንቆጣው በልጁ ነው።

በ2004 በእንግሊዟ ፖርትስመዝ አካባቢ የተጀመረው ሜሲ ቸርች ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ መልሶ ጠራ፤ ወላጅ ልጁን አድርሶ የሚሄድበት ሳይሆን አብሮ የሚቀመጥበት፣ ቀለም የሚነክርበት፣ የሚጸልይበትና በመጨረሻ ማዕድ የሚቀርብበት ነው። ሐሳቡ በሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። ለኛ ሰው ግን እንግዳ አይመስለኝም፤ የሕማማት ሳምንት ያደረገውን አንድ ከሰዓት ውስጥ ለማስገባት የተደረገ ሙከራ ነው።

በዋሽንግተን ወይም በሌላ የስደት ከተማ ያሉ ቤተሰቦቻችን ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳቸዋል። ልጁ ግዕዙንም አማርኛውንም አይሰማም፤ ወላጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ መጸለይ አይመጣለትም። እዚያ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ቋንቋውን አስቀድሙ» ነው። እኔ ግን አብረው ጉልባን እንዲቀቅሉና አብረው እንዲሰግዱ እመክራለሁ፤ ቃሉን ሥራው ላይ ሆኖ ይለምደዋል፤ ለብቻው ተቆርጦ የመጣለትን ቃል ግን የሚሰቅልበት ቦታ የለውም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ካቫሌቲ ለዓመታት የልጆችን ሥዕልና ንግግር ስታጠና ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለራሳቸው ሲተዉ ጸሎታቸው በአመዛኙ ምስጋናና ውዳሴ እንደሆነ፣ ልመናው የሚመጣው ዘግይቶ እንደሆነ አስተውላለች። እኛ ልጅን ስናስጀምር «እግዚአብሔር ምን ላድርግልህ ቢልህ ምን ትጠይቀዋለህ?» ነው የምንለው። የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የሕፃናት ክፍል ከዚያ ጥያቄ ይልቅ በምስጋና ቢጀምር ምን ይመስላችኋል? መምህራኑ እዚህ ስላላችሁ ከእናንተ ብሰማ ደስ ይለኛል።