ቅጠሉን የሚያራግፈው የጽድ ወገን

አንደኛ አቅራቢ፦ ጽድና ዝግባ ክረምት ከበጋ እንደ ለመለሙ ይኖራሉ፤ ሜታሴኮያ የሚባለው የቻይና ዛፍ ግን፣ ከነገደ ጽድ ሆኖ ሳለ፣ የብርድ ወራት ሲቃረብ ቅጠሉ እንደ መዳብ ቀልቶ ፈጽሞ ይረግፋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ታዲያ እኅቴ፣ ራቁቱን ቆሞ ያየው ሰው ደርቋል ብሎ ምሳር አያነሣበትም?

አንደኛ አቅራቢ፦ እንዳያነሣበት ነው ማወቅ የሚገባን፤ ብርዱ ሲያልፍ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ጃፓናዊው ሊቅ ሺገሩ ሚኪ በ1941 እ.ኤ.አ. ከቅሪተ አካል ብቻ ተነሥቶ ስም ያወጣለት ይህ ፍጥረት፣ ብዙ ሳይቆይ በመካከለኛው ቻይና ሕያው ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዕፁብ ነው! በምን እንለየዋለን?

አንደኛ አቅራቢ፦ ለስላሶቹ ቅጠሎቹ በቀጭኑ ዘንግ ግራና ቀኝ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የሚራባውስ በዘር ብቻ ይመስለኛል።

አንደኛ አቅራቢ፦ በዘርም ይራባል፤ ነገር ግን ከቅርንጫፉ የተቈረጠ ቁራጭ በረጠበ አፈር ቢተከል ሥር ይሰዳል። ፀሐይና እርጥበት የማይለየው ስፍራ ይሻል፤ ቁመቱም ከ30 ሜትር ስለሚያልፍ ከቤት አርቆ መትከል ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በዚህስ እስማማለሁ፤ ሆኖም በጥንተ መኖሪያው ለመጥፋት ስለ ተቃረበ፣ በየአትክልቱ ስፍራ ከማብዛት ይልቅ በዚያ ያሉትን ዛፎች መጠበቅ ይቀድማል።