በእጅ የተገጣጠመ ራዲዮ፤ ጉድለቱን ስለ መፈለግና ስለ ማሻሻል

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ፣ አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ ለመስክ ጣቢያ የራዲዮ ሠራተኞች በተዘጋጀ የሥልጠና ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር ሙሉ ቃል ነው።)

ድርቅ በገባበት አገር ከእህሉና ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገው ወሬ ነው። እህል የት እንደ ጎደለ፣ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደ ተቆረጠ፣ በሰፈራ ጣቢያው የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ማፍለቁ ወይም መንጠፉ በሰዓቱ ካልታወቀ፣ በመጋዘን የተከማቸው እህል ለተራበው ሰው ሳይደርስ ይቀራል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሱትን ድርቆች የሚያስታውስ ሰው ሁሉ የራቀ ጣቢያ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አይዘነጋውም። ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክ በየሰው እጅ ገብቷል፤ ሆኖም የስልኩ ማማ መብራት ሲያጣ ስልኩም አብሮ ዝም ይላል። አጭር ሞገድ ራዲዮ ግን በአንድ የመኪና ባትሪና በሃያ ሜትር ሽቦ ይሠራል። በተለይም የ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ አንቴና በቀን ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው የአየር ንብርብር ተመልሶ ስለሚወርድ፣ ተራራውና ሸለቆው አያግደውም። እንደ እኛ ገደል በበዛበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በሙያዬ መሐንዲስ አይደለሁም። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያበቃ የማስታወቂያ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ራዲዮ የማውቀውን ያወቅሁት ፈቃድ ባለው የክበብ ጣቢያ ውስጥ፣ ከትዕግሥተኛ ሰዎች ጎን ተቀምጬ፣ አንዲት ራዲዮ በገዛ እጄ ገጣጥሜ፣ አበላሽቼና መልሼ ጠግኜ ነው። ዛሬም የምነግራችሁ ከመጽሐፍ የተገኘውን ሳይሆን በዚያች ራዲዮ ላይ ያየሁትን ነው።

ራዲዮዋ ቢትክስ 40 ትባላለች። የቢትክስን ንድፍ መጀመሪያ ያወጣው በሕንድ አገር የሚኖረው አሽሃር ፋርሃን ሲሆን፣ ለሕዝብ ያቀረበውም በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡም በየገበያው በርካሽ ሊገኙ በሚችሉ ተራ ዕቃዎች፣ ማንም አማተር ሊገነባው የሚችል የመቀበያና የማሰራጫ ራዲዮ ማቅረብ ነበር። ቢትክስ 40 የተባለችው በ40 ሜትር ሞገድ፣ ይኸውም በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለምትሠራ ነው። ዋናው ሰሌዳ ተበይዶ ይመጣ ነበር፤ ሳጥኑን፣ መቆጣጠሪያዎቹን፣ ማይክሮፎኑን፣ ስፒከሩንና የባትሪውን ሽቦ የሚያገናኘው ግን ባለቤቱ ነበር። በ12 ቮልት ስትሠራ ወደ 7 ዋት ያህል ታሰራጫለች።

ጉድለት ለመፈለግ አስቀድሞ የራዲዮዋን አሠራር ማወቅ ይገባል። ከአንቴና የገባው የ7.1 ሜጋኸርዝ ሞገድ፣ በራዲዮዋ ውስጥ ከሚፈጠረው የ4.9 ሜጋኸርዝ ሞገድ ጋር ሲቀላቀል በድምሩ ወደ 12 ሜጋኸርዝ ይለወጣል። ይህም በክሪስታሎች ማጣሪያ ውስጥ አልፎ፣ ከሌላ የ12 ሜጋኸርዝ ሞገድ ጋር እንደገና ሲቀላቀል የሰው ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ስናሰራጭ ደግሞ ድምፃችን በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ማቀላቀያዎቹ፣ የክሪስታል ማጣሪያውና ሞገድ ፈጣሪዎቹ ለመስማትም ለመናገርም የጋራ ናቸው። ለየብቻቸው የሆኑት ለአንዱ ወይም ለሌላው አቅጣጫ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ትራንዚስተሮች፣ የማይክሮፎኑና የስፒከሩ ማጉያዎች፣ እንዲሁም የመጨረሻው የኃይል ትራንዚስተር ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው ራዲዮው ሲዘጋበት ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የኃይሉ ትራንዚስተር አይ.አር.ኤፍ.510 ይባላል። የጀርባው ብረት ኤሌክትሪክ የሚገባበት እግሩ ነውና፣ ሙቀት ከሚያስወግደው አሉሚንየም ጋር ሲታሰር በመካከሉ ማይካ ወይም ሌላ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ንጣፍ ሊገባና ብሎኑም በፕላስቲክ ቀለበት ሊለይ ይገባዋል። እኔ ግን ለመስማት ቸኩዬ ትራንዚስተሩን በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር አሰርሁት። ባትሪውን ባገናኘሁ ጊዜ ፊውዙ ተቃጠለ። ሁለተኛ ፊውዝ አስገባሁ፤ ያም ተቃጠለ። ሦስተኛው ጊዜ ፊውዝ ስላልነበረኝ የሽቦ ክር አስገባሁ። ያን ጊዜ ፊውዙ ሳይሆን በሰሌዳው ላይ ያለው የሽቦ ጥቅል ጨሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የአንድ ሰዓት ትዕግሥት በማጣቴ የሁለት ሳምንት ሥራ ገዛሁ። ፊውዝ ሲቃጠል «ሌላ ፊውዝ አምጣ» ማለቱ ሳይሆን «ቁም» ማለቱ ነው። በፊውዝ ቦታ ሽቦ የሚያስገባ ሰው ዘበኛውን አስሮ በሩን ለሌባ እንደ ከፈተ ይቆጠራል።

ከዚያች ቀን ወዲህ የምከተለው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ኤሌክትሪክ ከመገናኘቱ በፊት ዓይን ይሥራ። ብየዳው ሁሉ በብርሃን ይታይ። ጥሩ ብየዳ ያበራል፤ ሽቦውንም አቅፎ ይይዛል። የደበዘዘና እንደ ጤዛ ጠብታ የተንጠለጠለ ብየዳ ግን ዛሬ ሠርቶ ነገ ይከዳል፤ በመኪና ተጭኖ ኮረኮንች መንገድ ሲመታውም ቀድሞ የሚላቀቅ እርሱ ነው። ቀጥሎም በቴስተር በባትሪው መግቢያ ሁለት ጫፎች መካከል፣ እንዲሁም በኃይሉ ትራንዚስተር ጀርባና በሳጥኑ መካከል መነካካት አለመኖሩ ይፈተሽ። ይህን አንድ ፈተና አስቀድሜ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ጭስ ባልታየ ነበር።

ሁለተኛ፤ ከስፒከሩ ተነሥቶ ወደ አንቴናው ይኬድ። የድምፅ መቆጣጠሪያው መካከለኛ እግር በጣት ሲነካ በስፒከሩ ውስጥ እምምታ ከተሰማ የድምፅ ማጉያው ደኅና ነው። ካልተሰማ ጥፋቱ እዚያው ነውና ወደ ፊት መሄድ አያስፈልግም። ማጉያው ደኅና ሆኖ ጣቢያ ካልተሰማ ግን ሞገድ ፈጣሪዎቹ ይመርመሩ፤ ፍሪኩዌንሲው በመስኮቱ ላይ መጻፉ ብቻ ሞገዱ መውጣቱን አያረጋግጥምና፣ ሌላ መቀበያ ወደ 4.9 ሜጋኸርዝ አስተካክሎ አጠገቡ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ የትራንዚስተሮቹ ቮልት ይለካ። በደኅና በሚሠራ የሲሊኮን ትራንዚስተር በቤዝና በኢሚተር መካከል ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ያህል ይገኛል። ምንም ከሌለ ኤሌክትሪኩ አልደረሰውም፤ ከዚያ እጅግ ከበለጠ ትራንዚስተሩ ተበላሽቷል።

አራተኛ፤ ራዲዮው እየሰማ ካላሰራጨ፣ የጋራ የሆኑት ክፍሎች ደኅና ናቸውና አይነካኩ። የመናገሪያው ቁልፍ ሲጫን ሬሌው ቀጭ ማለቱ፣ የማሰራጫው መስመር ቮልት ማግኘቱ፣ ማይክሮፎኑና የኃይሉ ትራንዚስተር በየተራ ይታዩ። የእኔ ራዲዮ ከጭሱ በኋላም መስማቷን አላቆመችም። የኃይሉ ክፍል ኤሌክትሪክ በተለየ ሽቦ የሚገባለት በመሆኑ፣ ፍለጋዬ ከአንድ ጥግ አልወጣም፤ የተቃጠለውን ጥቅልና ትራንዚስተሩን ለውጬ፣ ማይካውን አግብቼ አዳንኋት።

አምስተኛ፤ የማሰራጨት ሙከራ በአየር ላይ አይደረግም። እያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ኦም የሆኑ 20 ባለ 1 ዋት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲበየዱ 50 ኦም የሚሆንና እስከ 20 ዋት የሚችል የይስሙላ አንቴና ይሆናሉ። ሬዚስተሮቹ ከሽቦ የተጠቀለሉት ዓይነት እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ። በላዩም ዳዮድና ካፓሲተር ጨምሮ የሞገዱን ጫፍ ቮልት በቴስተር መለካት ይቻላል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የተገኘው ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለ100 ይካፈላል። 26 ቮልት ከተገኘ፣ 676 ለ100 ተካፍሎ 7 ዋት ያህል ነው ማለት ነው።

ውድ አድማጮች፤

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መጠገን ነው። ማሻሻል ግን ከመጠገን ይልቅ ያሳስባል፤ ሲጠግኑ የሚጎዳው የራስ ዕቃ ሲሆን፣ ሲያሻሽሉ የሚጎዳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።

ራዲዮዬ ከዳነች በኋላ 7 ዋት አነሰኝ። የኃይሉ ክፍል ለብቻው ከፍ ያለ ቮልት ሊሰጠው እንደሚችል ሰምቼ ስለ ነበር ከ12 ወደ 24 ቮልት አሳደግሁት። በዚህ ሳላበቃ፣ የማይክሮፎኑ ማጉያ እንዲበረታ አንድ ሬዚስተር ለወጥሁ። የቴስተሩ ቁጥር ከፍ አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። በ7,105 ኪሎኸርዝ ላይ ወጥቼ ስጣራ የመለሰልኝ ግን የጠበቅሁት ምስጋና አልነበረም። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው በጨዋ አነጋገር፣ «ልጄ፣ ድምፅህ በተፈቀደለት ቦታ ብቻ አልተወሰነም፤ እስከ 7,110 ድረስ ይንኳኳል፤ እዚያ ደግሞ ደካማ ጣቢያ መልእክት ለማስተላለፍ እየሞከረ ነው» አሉኝ።

7,110 ኪሎኸርዝ አውሮፓና አፍሪካ በሚገኙበት የዓለም አቀፉ የአማተር ራዲዮ ማኅበራት 1ኛ ክልል ውስጥ ለአደጋ ጊዜ መልእክት መሰብሰቢያ ተብሎ የተመረጠ ፍሪኩዌንሲ ነው። በዚያ ቀን ይደረግ የነበረው ልምምድ እንጂ እውነተኛ አደጋ አልነበረም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ስለ ረሀብተኛ ወገን ስጽፍ የምውል ሰው፣ በገዛ እጄ በሠራሁት ማሽን የአደጋን ድምፅ መሸፈኔን ሳስብ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ጥፋቱ ይህ ነበር። የማይክሮፎኑ ማጉያ ከልክ በላይ ሲበረታ የኃይሉ ትራንዚስተር ሊያሳድገው ከሚችለው በላይ ስለሚገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ግራና ቀኝ ይረጫል። ከዚህም በላይ የሞገዱን እጥፎች ያበረታል፤ በ7.1 የተናገረ ሰው በ14.2 እና በ21.3 ሜጋኸርዝም ይሰማል። እነዚህን የሚያስቀር ማጣሪያ በአንቴናው በር ላይ አለ፤ ጎን ለጎን የሚረጨውን ግን ማጣሪያ አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው ልክን ማወቅ ብቻ ነው።

ያተረፍሁትስ ምን ነበር? በአማተሮች ልማድ በመቀበያው መለኪያ ላይ መርፌዋን አንድ ደረጃ ከፍ ለማድረግ ኃይሉ 4 እጥፍ ማደግ አለበት። 7 ዋትን 20 ማድረግ ያን አንድ ደረጃ እንኳ አይሞላም። እኔም ሬዚስተሩን ወደ ነበረበት መለስሁ፤ ቮልቱንም ወደ 12 አወረድሁ። ማይክሮፎኑ ዝም ባለበት የኃይሉ ትራንዚስተር የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ወደ 100 ሚሊ አምፔር አስተካከልሁ። ከዚያም ወደ አንቴናዬ ሄድሁ፤ የመካከለኛው መጋጠሚያ ዝጎ ተገኘ። አጽድቼ ብበይደው፣ ጎንና ጎኑንም በየ10 ሜትሩ ባስተካክል፣ በ7 ዋት ከቀድሞው የተሻለ ተሰማሁ። በመጨረሻም በይስሙላው አንቴና ላይ እየተናገርሁ፣ ጓደኛዬ አንቴና በሌለው መቀበያ 5 ኪሎኸርዝ ራቅ ብሎ አዳመጠ። ዝምታ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያሰኘኝ ዝምታ የለም።

ስለዚህ ማሻሻልን በሚመለከት ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ፤ ሁለት ለውጦ የተሻለ ያገኘ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅምና። ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለካው ቁጥር ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ። የተነሣው ዕቃ ሳይጣል በፖስታ ተደርጎ ከራዲዮው ጋር ይቀመጥ፤ ተተኪያችሁ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሊሻ ይችላል።

ስህተትን መግለጽም ከሥራው ክፍል ነው። ቢትክስ 40ን የተከተለችው ማይክሮቢትክስ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ የምትሠራ ስትሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች የማይፈለጉ ሞገዶችን ከሚገባው በላይ ማስወጣታቸውን አማተሮች ለክተው አስታወቁ። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች የሚሠራ የአማተር ማሰራጫ የሚያስወጣው ትርፍ ሞገድ ከዋናው በ43 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ 20,000 እጥፍ ያህል እንዲያንስ ይጠየቃል። ንድፍ አውጪውም ነገሩን አልሸሸገም፤ መፍትሔዎቹ ለሁሉም ተገለጡ፤ በኋለኞቹም ሰሌዳዎች ላይ ንድፉ ታረመ። እንዲህ ያለ ግልጽነት ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ዋጋ አለው።

የተከበራችሁ የጣቢያ ሠራተኞች፤

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የአደጋ ቀን ራዲዮ የሚጠገንበት ቀን አይደለም፤ ራዲዮ የሚጠገነው ሰላም በሆነበት በዛሬው ቀን ነው። ወደየጣቢያችሁ ስትመለሱ ማሽኑን ክፈቱት፤ ብየዳውን እዩት፤ ትክክለኛ ፊውዝ አስገቡ፤ የለካችሁትንም ጻፉ። ያለ ፈቃድም በአየር ላይ አትውጡ። ከሁሉም በላይ ከመናገራችሁ በፊት አዳምጡ። በአጠገባችሁ ባለው ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ፣ ድምፁ የደከመ አንድ ሰው የውሃ ያለህ እያለ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ራዲዮ ጥሩ የሚባለው ሩቅ በመሰማቱ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ሰው ባለመሸፈኑም ጭምር ነው።